የአሥራ ሁለቱ ኳሶች ዋጋ

ቅዳሜ ነበር፤ መጋቢት ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ይህን ያህል አጥርቼ የማስታውሰው ሰዓት ማየት ሥራዬ ስለነበረ ነው። እናቴ ሁለቱም ዓይኖቿ በነጭ ፋሻ ተሸፍነው፣ እንዳትነቃነቅ ተነግሯት በጀርባዋ ተኝታለች። የዓይን ጠብታው በየሁለት ሰዓቱ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየሁ "እማዬ ሩብ ጉዳይ ሆነ፣ እማዬ አሥር ደቂቃ ቀረው" የምላት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ፒካፑን በራችን ላይ አቁሞ ጥሩምባውን ሁለቴ ሲያስጮኸው ለአራት ተኩሉ ጠብታ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

"መጣ" አለች እናቴ። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አሟት መሰለኝ።

"ውኃ ላምጣልሽ?"

"አይ። ጠብታዬን አድርጊልኝና ሂጂ፣ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ሲጨርሱ መጥተሽ ምን እንደተባባሉ ትነግሪኛለሽ።"

ሐኪሙ የነገረንን እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። በዓይኗ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ከቦታው እየተላቀቀ ነው፤ ግራው ብሶበታል፣ ቀኙም ጀማምሮታል፤ ወር ሳይሞላ መሠራት አለበት። እኔ የገባኝ እርጥበት እንደመታው የመጸዳጃ ቤታችን ግድግዳ ቀለሙ እየተላጠ እንደሆነ ነው። ሆስፒታሉ ዘጠኝ ሺህ ጠይቋል። አራቱ ሺህ በእናቴ የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ በመሐረብ ተቋጥሮ ተቀምጧል። አምስት ሺህ ጎድሎናል። ይህን ማንም አልደበቀኝም። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ምን ይደበቃል?

አባቴ የቦውሊንግ ቤት መካኒክ ነበር። ሰዎች ከወዲህ ቆመው ከባድ ኳስ በተወለወለ ጣውላ ላይ ያንከባልላሉ፤ ከወዲያ ጫፍ የተደረደሩት ጠርሙስ መሳይ እንጨቶች ሲወድቁ ይጮኻሉ፣ ይተቃቀፋሉ። አባቴ ከእንጨቶቹ ኋላ ሆኖ፣ የወደቁትን እያነሳ የሚደረድረውን ማሽን ሲጠግን ይውላል። ሌላው ሥራው ኳስ መብሳት ነው። ኳሱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ለጣቶች፣ አንዱ ለአውራ ጣት። አባቴ የደንበኛውን እጅ ይለካና በዚያ ልክ ይበሳዋል። ስለዚህ ላገለገለ ኳስ ዋጋ መቁረጥ አስቸጋሪ ነው፤ ለአንዱ እጅ ብዙ ያወጣል፣ ለሌላው እጅ ድንጋይ ነው። የተሰነጠቀ ኳስም ያመጡለታል። ስንጥቁን ደፍኖ፣ ፈግፍጎ፣ ወልውሎ ይመልስላቸዋል።

አጎቴ ደግሞ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጣውላ ነጋዴ። ሁልጊዜ በጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ፣ ሰጋቱራ ሰጋቱራ እየሸተተ ነው የሚመጣው። እናቴ ስታገባ "ጠርሙስ እየደረደረ ሚስት ሊያስተዳድር ነው!" ብሎ ነበር አሉ። አባቴ ሰማ። አኩርፎ ቤት አልዘጋበትም፣ ሰላምታም አልነፈገውም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአጎቴ እጅ አንዲት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። አጎቴን "እርስዎ" ይለዋል፤ በጣም አክብሮ፣ በጣም ርቆ።

ኳሶቹ ወደ ቤታችን የመጡት ማክሰኞ ነው። የመጡትም በአጎቴ ፒካፕ ነው። ስህተቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አጎቴ አንዱን ታቅፎ ገባና በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ "ሚጡ፣ ሐብሐብ አመጣሁላችሁ! በይ ቢላዋ አምጪ!" አለኝ። አባቴ ከኋላው ሁለት በሁለት እያደረገ ሲያስገባ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። አሥራ ሁለቱንም ሳሎን ውስጥ፣ እንዳይንከባለሉ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ደረደሯቸው። ኳሶቹ በአጎቴ መኪና ከመጡ፣ እሱም "አመጣሁ" ካለ፣ የእሱ ናቸው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋታል?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቦውሊንግ ቤቱ በዚያው ወር ተዘጋ። ባለቤቱ ሕንጻውን ሸጦ ሲሄድ ደንበኞች ትተዋቸው የቀሩትን አሥራ ሁለት ኳሶች ለአባቴ ሰጠው። አባቴ መኪና የለውም፤ አጎቴ ጫነለት። ሻጩ አባቴ ነበር፤ ገዢው አጎቴ። ይህን ያወቅኩት ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አባቴን በቀበርንበት ሳምንት ነው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ጓሮ ተቀምጦ ሲሠራ አገኘሁት። ሦስቱን ጥቁር ኳሶች አውጥቷል። በጣም የሚያምሩት እነሱ ናቸው፤ ፊቴን አጠገባቸው ሳደርግ አፍንጫዬ ድንች ያህል ሆኖ ይታየኛል። በሁለቱ የጣት ቀዳዳዎች መካከል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች፤ በሦስቱም ላይ፣ እዚያው ቦታ። አባቴ ሁለት ዓይነት ሙጫ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀላቀለ፣ ጥቁር ዱቄት ጨመረበት፣ በምላጭ ጫፍ እየወሰደ ስንጥቋ ውስጥ አስገባው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ በጣም ቀስ ብሎ ፈገፈገው። ከዚያ ሰም።

"የታለች?" አለኝ።

በጣቴ ፈለግሁ። የለችም።

"አባዬ፣ ጠፋች!"

"አልጠፋችም" አለ። "ተደፍና ነው። እንደ አዲስ አይሆንም፤ ግን ይንከባለላል።" በእጁ ሥራ ደስ ብሎት ነበር፤ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ወዲያው ደግሞ ፈገግታው ቆመ፣ ኳሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ስንጥቋ የነበረችበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰ። የአጎቴን ኳስ እንደ ሌሎቹ ደንበኞች ኳስ እየጠገነለት መሰለኝ። ቸርነቱ ገረመኝ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ጠብታውን አድርጌላት ሳሎን ስገባ ሁለቱም ዱካ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ብርድ ልብሱ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ኳሶቹ። የእናቴ አልጋ ራስጌ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው፤ እሷ ስታስል እዚህ ይሰማል፣ እዚህ የሚወራው ደግሞ እዚያ።

አጎቴ አረንጓዴውን ኳስ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው። "ይሄ ስንት?"

"ይሄ የአውራ ጣቱ ቀዳዳ ሰፍቷል" አለ አባቴ። "ደፍኖ እንደገና መብሳት ይጠይቃል። ሁለት መቶ።"

"ሁለት መቶ? ሰው እንዳይሰማህ! ይሄን የሚያህል ነገር? አራት መቶ።"

"ጋሼ፣ አራት መቶ አያወጣም።"

"አንተ ነህ የምትነግረኝ?"

"እኔ ነኝ የበሳሁት። እኔ ካልነገርኩዎት ማን ይነግርዎታል?"

"እሺ ሦስት መቶ ሃምሳ። የመጨረሻዬ ነው።"

"ሁለት መቶ ሃምሳ።"

"ሦስት መቶ! ከዚህ በታች ንቅንቅ አልልም፤ ብትፈልግ ክሰሰኝና ፖሊስ ፊት እንቁም!"

"እሺ ሦስት መቶ፣ ምን ላድርግ" አለ አባቴ፣ እንደተዘረፈ ሰው።

እኔ ገበያ አውቃለሁ። ከእናቴ ጋር ስንት ቅዳሜ ሄጃለሁ። "ይሄ እኮ አርጅቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀንስ" የሚለው ገዢው ነው። "አያዋጣኝም፣ ከዚህ በታች አልሸጥም" የሚለው ሻጩ ነው። ታዲያ እዚህ እያጣጣለ የሚቀንሰው አባቴ ነው፤ ዋጋ እየሰቀለ ጭኑን የሚመታው አጎቴ ነው። አባቴ እየገዛ ነው!

ቦውሊንግ ቤቱ ተዘግቷል፣ አባቴ ሥራ የለውም፣ የራሱን ሊከፍት ይሆናል አልኩ። ግን በምን ገንዘብ? በቤታችን ውስጥ ያለው ገንዘብ አንድ ብቻ ነው፤ በመሐረብ የተቋጠረው።

ቀጠሉ። ሰማያዊው ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ አባቴ ብርድ ልብሱ ላይ አሽከርክሮ አሳየው፣ እንደሰከረ ሰው እየተንገዳገደ ቆመ። "ሲያምር!" አለ አጎቴ። ቢጫው ግራኝ ለሆነ ሰው የተበሳ ነው፤ "ግራኝ የሆነ ወዳጅ አለኝ" አለ አጎቴ፤ አባቴ "ማን?" ሲለው ትንሽ አሰበና "አለ አንድ" አለ። ሮዙ የሕፃን ነው፣ ማንም አይፈልገውም። "እኔ ልጅ ልወልድ ብነሳስ?" አለ አጎቴ፤ ከግድግዳው ወዲያ እናቴ ሳታስበው ስትስቅ ሰማኋት። አባቴም ሰማት። ለአፍታ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረና መለሰው።

ዘጠኙን ሲጨርሱ አጎቴ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። "እስካሁን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። ሦስቱ ጥቁሮች ቀሩ። እነዚህስ ምን ይጎድላቸዋል?"

አባቴ አንዱን ጥቁር ኳስ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና በመዳፉ ያሽከረክረው ጀመር። ስለ ሌሎቹ ሁሉ ሳይጠየቅ ሲናገር የነበረው ሰው አሁን አፉ ተለጎመ።

"ጥሩ ኳሶች ናቸው" አለ በመጨረሻ።

"ስምንት ስምንት መቶ?"

አባቴ ቀና አላለም። "ጥሩ ኳሶች ናቸው" አለ ደግሞ።

"ስምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ጋር…" አጎቴ መዳፉን ሳያይ ጭኑን በጥፊ መታ። "አምስት ሺህ! አለቀ፣ ደቀቀ!"

አባቴ አፉን ከፈተ።

ሊናገር ነበር ወይስ ሊተነፍስ? ይህን ጥያቄ ላለፉት ስምንት ወራት፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣ አንድ ቀን ሳልጠይቀው የዋልኩ አይመስለኝም። ከንፈሩ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ኳሱ ላይ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ድምፅ ነው።

አባቴ ይሉኝታ ይዞት ነው ብዬ አሰብኩ። አጎቴ፣ አባዬ ራሱ የጠገነውን የተሰነጠቀ ኳስ በሙሉ ዋጋ እየሸጠለት፣ አባዬ አማቹ ስለሆነ ብቻ አፍሮ ዝም አለ። እሱ ካፈረ እኔ አላፍርም።

"ግን እኮ ተሰንጥቀዋል!" አልኩ፤ ቆሜያለሁ። "ሦስቱም! አባዬ ነው ሐሙስ ዕለት በሙጫ የደፈነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ሰም ቀብቶ። አሁን አይታይም እንጂ አለ። እዚህ ጋ!" የአጎቴን ሌባ ጣት ይዤ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል አስቀመጥኩት።

የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል። ከወዲያ የአልጋው ሽቦ ሲጥ አለ።

አጎቴ ጣቱን ሳያነሳ ሳቅ ለማለት ሞከረ። "ልጅ ናት። ምን ታውቃለች?"

"ታውቃለች" አለ አባቴ። ፊቱ ከአንገቱ ጀምሮ ሲቀላ አየሁት። "አጠገቤ ነበረች።"

"ይሁና! ቢሰነጠቁስ እኔን ምን ገዶኝ? ስምንት መቶ ብያለሁ፣ ስምንት መቶ ነው።"

"ቅድም አያውቁም ነበር ጋሼ። አሁን ያውቃሉ። አውቀው ስምንት መቶ ከሰጡኝ ኳስ አልገዙም።"

"ታዲያ ምንድን ነው የገዛሁት?"

አባቴ "መቶ መቶ" አለ።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ከስምንት መቶ ወደ መቶ!

"አንተ ሰው፣ እዚያ ውስጥ የተኛችው እህቴ ናት!"

"ሚስቴ ናት" አለ አባቴ፤ ድምፁን ሳይጨምር። "መቶ መቶ ነው። ካልተስማማዎት ዘጠኙን ብቻ ይውሰዱ።"

አጎቴ ተነሳ። ዱካው ተገለበጠ። ንብረቱ እንደረከሰበት ነጋዴ ፊቱ ጠቆረ፤ እኔም ለዚያ ነው አልኩ። አባቴ ሳያየኝ "ሂጂ እናትሽ ጋ" አለኝ።

ከእናቴ አልጋ አጠገብ ባለው መስኮት ፒካፑ ይታያል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ኳሶቹን እያወጡ ጫኑ። እያንዳንዱ ሲቀመጥ የመኪናው ወለል ጓ ይላል። አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ ስንጥቁ ሲታወቅ ሽያጩ ፈረሰ፤ አጎቴ ተናዶ ኳሶቹን መልሶ እየወሰደ ነው።

"እማዬ፣ ወሰዳቸው!" አልኳት። "ሁሉንም ወሰደ! አባዬ አልገዛም!"

እጆቿ ደረቷ ላይ ተጣምረው ነበር።

"አባትሽ ኳስ ሊገዛ ነበር?"

"አዎ! በዓይንሽ ገንዘብ! ግን ስንጥቁን ነገርኩበትና ቀረ።"

ፋሻው እስከ ጉንጯ ስለሚደርስ የሚታየኝ አፏና አገጯ ብቻ ነበር። አፏ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ ከአፍንጫው በታች ያለው ፊቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ፈለገችኝ፤ ራሴን ወደ መዳፏ አስጠጋሁላት።

"ጎበዝ" አለች። "የኔ ጎበዝ።" ፀጉሬን ብዙ ጊዜ ዳበሰች። "ለአባትሽ ግን ይህን አትንገሪው። ኳስ ሊገዛ መስሎኝ ነበር ብለሽ እንዳትነግሪው። ይከፋዋል።"

አልነገርኩትም። እስኪሞት አልነገርኩትም። እናቴም ከሱ አራት ዓመት ቀድማ እስክትሞት አላነሳችውም።

አባቴን የቀበርን ሰሞን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ አጎቴ ወሬ ጀመረ። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ላይ አሁንም እርሳስ አለ። "እንደሱ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም" አለ። "እኔ እሰቅላለሁ፣ እሱ ያወርዳል! እኔ እሰቅላለሁ፣ እሱ ያወርዳል! ኳስ ምን ያደርግልኛል? ሸራው በነፋስ እንዳይነሳብኝ የጣውላ ክምር ላይ ነው የጫንኳቸው።" ሐዘንተኛው ሁሉ ሳቀ። "ዘዴውን ያመጣችው እኮ እህቴ ናት፤ 'ስጦታ አይቀበልህም ጋሽዬ፣ ኳሶቹን ግዛው' ብላ ላከችብኝ። አምስት ሺህ ቆጥሬ በኪሴ ይዤ ነበር የሄድኩት።"

እኔ የያዝኩትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አጎቴ ቀጠለ፤ "በመጨረሻ ሦስቱ መሰንጠቃቸው ታወቀና በሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ተለያየን" አለ፤ ማን እንዳሳወቀ ግን አልተናገረም። ረስቶት ይሁን ሸፍኖልኝ፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።

ሲሄድ እስከ መኪናው ሸኘሁት።

"ጋሼ፣ አባዬ ሊነግርህ ነበር? ስለ ስንጥቁ?"

የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ስለ ምን እንደምጠይቀው ወዲያው ነው የገባው።

"እኔ እንጃ ልጄ። አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ደግሞ እንዳይናገር ብዬ ቸኮልኩ።"

"አውቀህ ነበር እንዴ?"

"ስለ ኳስ እኔ ምን አውቃለሁ? ዝም ሲል ግን የሆነ ነገር እንዳለ ገባኝ። ዝም ይበል ብዬ ነው ጭኔን የመታሁት።" ሌባ ጣቱን አንስቶ አየው። "ጣቴን ይዘሽ ስታስነኪኝ እኮ ምንም አልነበረም። ለስላሳ ነበር። እጁ እንዴት ያለ እጅ ነበር!"

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አባቴ ጎሚስታ ቤት ተቀጠረ። የመኪና ጎማ እየነቀለና እየለጠፈ የጎደለውን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሞላው። እናቴ ሆስፒታል የገባችው ሐኪሙ ያለው ወር ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው። የቀኝ ዓይኗ ዳነ። የግራው አልዳነም።